የእድር ሣጥንና የእድር ድስት

ዛሬ የምናወሳው የእድርን ገንዘብ ታሪክ ነው። በነቀምቴ መንገድ ከጊንጪ እስከ አምቦ፣ ከጉደር እስከ ጌዶ ባሉት ከተሞች እድር፣ በኦሮሚኛው አፎሻ፣ የማያውቅ ቤት የለም።

ጸሐፍት እንደሚሉት እድር ዛሬ በምናውቀው መልኩ የተጀመረው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) እና ከዚያ ወዲህ ተስፋፋ። ገቢው ብዙም አልተለወጠም፦ የወር መዋጮ፣ ከቀብር የቀረ ሰው ቅጣት፣ የዕቃ ኪራይ፣ የአዲስ አባል መግቢያ። መግቢያው ለምን ይጨምራል ብለው የሚያኮርፉ አሉ። አዲሱ አባል እኮ ሌሎች ለዓመታት ባዋጡት ድንኳን ላይ ባለድርሻ መሆኑ ነው!

የተለወጠው ብሩ ነው። እስከ 1985 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ ዶላር በይፋ 2.07 ብር ስለነበር በሣጥን ያለ 1,000 ብር 480 ዶላር ያህል ነበር። በዚያ ዓመት ዶላሩ 5 ብር ሲገባ ወደ 200 ወረደ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ 10 ዶላር እንኳ አልሞላ አለ።

ሙስሊሙ ሌላም ጭንቀት ነበረበት፤ ወለድ። ከሪባ የሚሸሽ ኮሚቴ ወይ ወለድ የማይታሰብበት ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ይከፍታል፣ ወይ ሣጥኑን ገንዘብ ያዡ ቤት ያስቀምጣል። ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. ለባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት ፈቀደ፤ በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ። አልሐምዱሊላህ፣ ከሐራሙ መውጫ ተገኘ። የብሩ መሳሳት ግን አልቀረም። በወለድ ያስቀመጠውም አላተረፈም፤ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ሲያልፍ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር።

በእኔ ግምት የእድርን ሀብት ያቆየው ዕቃው ነው። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ ሙእታ ላይ ሸሂድ ሲሆኑ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለቤተሰባቸው ምግብ እንዲሠራላቸው አዘዋል። የእኛ ጀናዛ አይውል አያድርም፤ ድስቱም ድንኳኑም በዚያው ቀን መገኘት አለበት። ያኔ ኪራይ ፍለጋ የሚሯሯጥ እድር የሣጥኑን ብር በአንድ ሐዘን ይጨርሳል።

የዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ ግን ጥሬ ገንዘቡ እስከ ሳንቲሙ ይነበባል፤ ድስቱ ብዙ ጊዜ በተገዛበት በድሮው ዋጋ ይጻፋል፣ አለዚያም ጨርሶ አይጻፍም። ኮሚቴዎች ሆይ፣ ዕቃውን በዛሬ ገበያ ገምቱት፤ መግቢያውንም ከዚያ ተነሥታችሁ ወስኑ።