የቡና ጠባይና የአገሩ ሙቀት፦ ከመካው ጉባኤ እስከ ቴፒ ደን

በረቢዑል አወል 917 ሒጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በሰኔ 1511 በመካ ለተሰበሰቡት ፉቀሃእ ቡናን የሚመለከቱ ሁለት ጥያቄዎች ቀርበውላቸው ነበር። አንደኛው በቡና ዙሪያ ስለሚደረገው የሌሊት ስብሰባ ሲሆን፣ በዚህ ላይ ለመስማማት ብዙ አልተቸገሩም። ሁለተኛው ስለ ተክሉ ስለ ራሱ ነበር። ዑለማኡ በዚህኛው ጥያቄ «የነገሮች መሠረት ኢባሓ ነው» ከሚለው መርሕ ተነሥተው፣ ጉዳት አለው የሚል ቢኖር ጉዳቱን የሚመሰክረው ሐኪም እንደሆነ ገለጹ። የከተማይቱ ሙህተሲብ የነበረው የመምሉክ ሹም ኻኢር ቤግ ሁለት የፋርስ ተወላጅ ወንድማማች ሐኪሞችን አቀረበ። እነርሱም ቡና «ቀዝቃዛና ደረቅ» ስለሆነ የተስተካከለውን የሰውነት ሚዛጅ ያዛባል ብለው መሰከሩ። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ የባግዳዱ ሐኪም ኢብን ጀዝላ ቡንን ሞቃትና ደረቅ ብለው መጻፋቸውን ቢያስታውሳቸው፣ ያ ሌላ ተክል ነው ሲሉ መለሱለት።

የዚህን ጉባኤ ዝርዝር ያቆዩልን ዐብዱልቃዲር አል-ጀዚሪ ናቸው፤ በ966 ሒጅራ «ዑምደቱ ሰፍዋ ፊ ሒሊል ቀህዋ» በተባለው ኪታባቸው። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ቡና ታግዶ በኋላ እንደተፈቀደ ብቻ ሆኖ ነው። እርግጥ ከካይሮ የመጣው የሱልጣን ቃንሱህ አል-ገውሪ ትእዛዝ ስብሰባውን እንጂ መጠጡን በጥቅሉ አልከለከለም፤ ኻኢር ቤግም በዓመቱ ከሹመቱ ተነሥቷል። እኛን የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። አንድ ሑክም ስለ ሙቀትና ቅዝቃዜ በተሰጠ ምስክርነት ላይ እንዲቆም ተደርጎ ሳለ፣ ዛፉ ራሱ በምን ዓይነት ሙቀት እንደሚኖር የጠየቀ አልነበረም። መልሱ ከባሕሩ ማዶ፣ በሐበሻ ምድር ደቡብ ምዕራብ ደን ውስጥ ነበር።

አል-ጀዚሪ ከእርሳቸው ከቀደሙት ከኢብን ዐብዱልገፋር ያስተላለፉት ዘገባ፣ የዐደኑ ሙፍቲ ሙሐመድ አል-ዘብሓኒ ወደ አፍሪካው ዳርቻ ተሻግረው ሰዎች ቀህዋን ሲጠቀሙ እንዳዩ፣ ሲመለሱም ታመው እንደጠጡትና እንደጠቀማቸው ይነግረናል። አል-ዘብሓኒ ያረፉት በ1470 አካባቢ ነው። የየመን ሱፊያዎች በሌሊት ዚክር እንቅልፍን ለማባረር የያዙት ከዚህ በኋላ ነው። በዚሁ ዘገባ የኢብን ሰዕደዲን አገር፣ ሐበሻና ጀበርትም ተጠቅሰዋል፤ በእነዚህ አገሮች ግን አጀማመሩ መቼ እንደሆነ እንደማይታወቅ በግልጽ ተጽፏል። ይህን ቅንነት ከፍየል እረኛው ተረት ይልቅ እናከብረዋለን። ተረቱ በጽሑፍ የወጣው በ1671 በሮም ሲሆን፣ ቦታውም የመን እንጂ ካፋ አልነበረም።

ተክሉ ግን ምስክር አለው። ዐረቢካ የሚባለው ቡና ከሁለት ሌሎች የቡና ዝርያዎች መዳቀል የተገኘ ነው፤ ሌሎቹ 22 ክሮሞሶም ሲኖራቸው እርሱ 44 አለው። ያለ ሰው እጅ የሚበቅለው በዋናነት በካፋ፣ በሸካ፣ በቤንች ሸኮ፣ በኢሉባቦርና በባሌ ደኖች እንዲሁም በደቡብ ሱዳን ቦማ አምባ ነው። በዋንዛ፣ በቀረሮና በሰሳ ጥላ ሥር፣ ከኮረሪማ ጋር ጎን ለጎን ይኖራል። ለእርሱ የሚስማማው ዓመታዊ አማካይ ሙቀት ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ከ23 ዲግሪ በላይ ሲሆን ፍሬው ቶሎ ቶሎ ይበስላል፣ ጣዕሙም ይቀንሳል። 30 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ሙቀት ከቆየበት ዕድገቱ ይጎዳል።

እዚህ ላይ የሊቁን የኢብን ኸልዱንን ሐሳብ ማንሣት ግድ ይላል። በ1377 በጻፉት «ሙቀዲማ» ምድርን በሰባት ኢቅሊም ከፍለው፣ ሙቀት የሰውን መልክ፣ ጠባይና ሥልጣኔ እንደሚቀርጽ አስተምረዋል። የጥቁር ሕዝቦች መልክ ከካም እርግማን የመጣ ነው የሚለውን የዘር ሐረግ ቆጣሪዎች ወሬ ውድቅ አድርገው፣ ምክንያቱ የአየሩ ሙቀት ነው ማለታቸው ለዘመናቸው ትልቅ እርምጃ ነበር። ስለ ሞቃት አገር ሰዎች ጠባይ የጨመሩትን ግን አንቀበለውም። ሙቀትን የለኩት ደግሞ በዋናነት ከምድር ወገብ ባለው ርቀት ነው። ለዐረቢያ ልሳነ ምድር በባሕር መከበቡን ቆጥረው ልዩ ቦታ ሲሰጡ፣ የሐበሻን ከፍታ ግን እንዲሁ አልቆጠሩትም። የእኛ ገበሬ ከመጽሐፍ ሳይማር ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብሎ የከፈለው በከፍታ ነው። በየ100 ሜትሩ ከፍታ የአየሩ ሙቀት ወደ 0.6 ዲግሪ ይቀንሳልና። ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ሁለቱም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ አካባቢ ናቸው፤ በኢቅሊም ቆጠራ ልዩነት የላቸውም። ነገር ግን ቴፒ ወደ 1200 ሜትር፣ ሚዛን ወደ 1450 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ በመካከላቸው የአንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ልዩነት ይኖራል።

አንድ ዲግሪ ተኩል ለሰው ቀላል ነው፤ ለሕዋስ ግን ቀላል አይደለም። በሕያው አካል ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት ፕሮቲኖች እንደ ክር ረጅም ሆነው በራሳቸው መልክ የተጣጠፉ ናቸው፤ ሥራቸውም በመታጠፋቸው ላይ ይቆማል። ሙቀት በመጠኑ ሲጨምር ሥራቸው ይፈጥናል፣ ከልክ ሲያልፍ እጥፋታቸው ይፈታል። የእንቁላል ነጩ በመጥበሻ ላይ ሲነጣና ሲጠጥር የምናየው ይኸው ነው፤ ቢቀዘቅዝም አይመለስም። በቅጠል ውስጥ ካርቦንን ከአየር የሚይዘው ሩቢስኮ የተባለው ኢንዛይም ራሱ ሙቀትን በመጠኑ ይችላል። እርሱን የሚያነቃው ረዳት ፕሮቲን ግን ቶሎ ይሸነፋል፤ ያኔ ቅጠሉ ፀሐይ እየሞላው ይራባል። የደኑ ጥላ ለቡና ጌጥ ያልሆነው ለዚህ ነው፤ ከቅጠሉ በላይ ሆኖ ሙቀቱን የሚያበርድለት እርሱ ነውና። የመካዎቹ ሐኪሞች «ሚዛጅ» ሲሉ የፈለጉት መመጣጠን በዚህ ደረጃ በእርግጥ አለ፤ የሚለካው ግን በአንድ ቃል ሳይሆን በዲግሪና በሰዓት ነው።

ከቅጠሉ ወጥተን ወደ ደኑ ስንመለከት፣ የሙቀት መስመር የበሽታም መስመር መሆኑን እናያለን። የቡና ፍሬ በሽታ በ1922 በኬንያ ታውቆ በ1971 ወደ አገራችን ገብቷል። የሚበረታውም በከፍተኛና በቀዝቃዛ እርጥብ ቦታ ነው። የቅጠል ዋግ ግን ዝቅ ያለውንና ሞቃቱን ይመርጣል። ፍሬውን የሚበሳው ትንሽ ጥቁር ጥንዚዛ ደግሞ ከ15 ዲግሪ በታች አይራባም። በ2009 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሰላው፣ በጅማ እስከ 1984 ድረስ ቅዝቃዜው በዓመት አንድ ትውልድ እንኳ እንዲጨርስ አይፈቅድለትም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን በዓመት አንድ ወይም ሁለት ትውልድ ለማፍራት የሚበቃ ሙቀት አግኝቷል። ለአባቶቻችን ቅዝቃዜው ያልተከፈለበት ዘበኛ ነበር ማለት ነው።

በ1971 የገባውን በሽታ የተቋቋመው መድኃኒት ሳይሆን ደኑ ነው። ተመራማሪዎች በሽታው ባጠቃቸው ዛፎች መካከል ጤነኛ ሆነው የቆዩትን እየፈለጉ ዘር ወሰዱ። 74110ና 74112 የተባሉት ዝርያዎች በ1974 በኢሉባቦር፣ በመቱ አካባቢ የተመረጡ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዓመቱን ያመለክታሉ። ቡና በራሱ ብናኝ ስለሚራባና ወደ ውጭ የወጣው ዘር ጥቂት ስለነበር፣ ከየመን ወደ እስያና አሜሪካ የተስፋፋው ቡና ብዙ ወንድማማችነት እንጂ ብዙ ልዩነት የለውም። ልዩነቱ የቀረው እዚሁ ነው። በቤንች አገር ጎረቤት ከሆነው ከጌሻ አካባቢ በ1930ዎቹ የተወሰደው ዘር በታንዛኒያና በኮስታ ሪካ በኩል ዞሮ በ2004 በፓናማ ዝነኛ ሆኗል፤ ዓለም ጌሻን ያወቀው በፓናማ ስም ነው።

በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት፣ በ2080 ለዱር ዐረቢካ አየራቸው የሚስማማ ቦታዎች በተሻለው ግምት በ65 ከመቶ፣ በከፋው ግምት በ99.7 ከመቶ እንደሚቀንሱ አመልክቷል። የ2017ቱ ጥናት ስለሚታረሰው ቡና ሲናገር ከ39 እስከ 59 ከመቶ የሚሆነው መሬት የማይስማማ ሊሆን እንደሚችል ገልጾ፣ ቡናው ወደ ላይ ቢዛወርና ደን ቢጠበቅ ግን የሚስማማው ቦታ ከአራት እጥፍ በላይ ሊሰፋ እንደሚችል ጨምሯል። ወደ ላይ መዛወር በወረቀት ቀላል ነው። ላዩ ባዶ አይደለም፤ እንሰት፣ እህል፣ ግጦሽና የቀረው ደን አሉበት፣ ባለመብቶችም አሉበት።

ነገሩ ወደ ፊቅህ የሚመለሰው በዚህ በኩል ነው። ካፋና ያዩ በ2010፣ ሸካ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ተብለው ተመዝግበዋል፤ የማይነካ እምብርትና በመጠን የሚሠራበት ዙሪያ ተከልሎላቸዋል። በሸሪዓ ከዚህ ጋር የሚቀራረበው ሥርዓት ሒማ ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነቂዕን እንደከለሉት። ፉቀሃእ ሒማ ለሕዝብ ጥቅም እንጂ ለሹም ግል እንዳይሆን ደንግገዋል። ዑመር (ረ.ዐ.) ደግሞ ለሒማው ጠባቂ የጥቂት ግመሎችና በጎች ባለቤት የሆነውን ድኻ እንዲያስገባ፣ ባለጸጎቹን ግን እንዲያስቆይ አዘውታል፤ ድኻው ከብቱ ቢያልቅበት የሚመለስበት ሌላ ነገር የለውምና። በሸካና በካፋ ኮቦ በሚባለው ልማድ አንድ ቤተሰብ ቀፎውን የሚሰቅልበት የደን ክፍል መብት አለው፤ ዛፉን ሳይቆርጥ ማሩን ያነሣል። ወደ ላይ የሚወጣው ቡና በማን ኮቦ ውስጥ ይተከላል የሚለው ጥያቄ፣ ዑመር ለጠባቂያቸው ከመለሱት ጥያቄ የተለየ አይደለም።