ቨርባል ኦርደር፦ የቃል ትእዛዝ

በአሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ነርስ ሁሉ «ቨርባል ኦርደር» የሚለውን ያውቃል። ሐኪሙ በወረቀት ሳይጽፍ፣ በኮምፒዩተርም ሳያስገባ፣ ፊት ለፊት ወይም በስልክ ተናግሮ የሚሰጠው የሕክምና ትእዛዝ ነው። በአማርኛ «የቃል ትእዛዝ» ብንለው ይስማማል። «የአፍ ትእዛዝ» ማለትም ይቻል ነበር፤ ግን መድኃኒት ባለበት ቦታ «በአፍ» ሲባል የሚዋጥ ማለት ስለሆነ ያደናግራል።

ትእዛዙ በቃል ይሰጥ እንጂ በቃል አይቀርም። ሜዲኬር የተባለውን የመንግሥት የጤና መድን የሚያስተዳድረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ሲኤምኤስ፣ ለሆስፒታሎች ባወጣው ደንብ መሠረት በሕመምተኛው መዝገብ ላይ የሚሰፍር ነገር ሁሉ የሚነበብ፣ የተሟላ፣ ቀንና ሰዓት ያለው፣ ኃላፊነቱን የሚወስደው ሰው ያረጋገጠው መሆን አለበት። የቃል ትእዛዝም አልፎ አልፎ ብቻ እንዲሠራበት ይኸው ደንብ ያዛል። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ላይ ከሆነ፣ ወይም የሕመምተኛው ልብ ቆሞ ሁሉም ሲረባረብ፣ ጻፍ ማለት አይቻልም። ኮምፒዩተሩ አጠገብ የቆመ ሐኪም ግን ለነርሷ በቃል ነግሮ የሚሄድበት በቂ ምክንያት የለውም።

የነገሩ አደጋ ጆሮ ላይ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነርሷ የሕመምተኛው ደም ግፊት ማሻቀቡን ለሐኪሙ ደውላ ትነግረዋለች እንበል። ከእንቅልፉ የነቃው ሐኪም «ሃይድራላዚን» ይላል። እሷ «ሃይድሮክሲዚን» ብላ ትሰማለች። የመጀመሪያው ደም ግፊት ያወርዳል፤ ሁለተኛው ለማሳከክና ለጭንቀት የሚሰጥ ነው። ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» በስልክ ሲሰሙ ይመሳሰላሉ፤ ልዩነታቸው ግን የ15 እና የ50 ነው። ስለዚህ «ዋን ፋይቭ» እያሉ አሃዝ በአሃዝ መናገር፣ የመድኃኒቱንም ስም ፊደል በፊደል መጥራት የተለመደ ጥንቃቄ ሆኗል።

እዚህ ላይ ሁለተኛ ቃል ይከተላል፦ «ሪድ ባክ»፣ ማለትም መልሶ ማንበብ። ለሆስፒታሎች የጥራት ዕውቅና የሚሰጠው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ ላይ ባዋላቸው የሕመምተኞች ደህንነት ግቦች ውስጥ አካቶታል። ነርሷ መጀመሪያ ትጽፋለች፤ ከዚያ የጻፈችውን ታነባለች፤ ሐኪሙም «ትክክል ነው» ይላል። የሰሙትን ከጽሑፉ በፊት ደግሞ መናገር ብቻውን አይበቃም፤ በትክክል ሰምቶ በስህተት መጻፍ አለና። ከ1 በታች ለሆነ መጠን ከነጥቡ በፊት ዜሮ ይጻፋል፣ 0.5 እንደሚባለው። 5.0 ብሎ መጻፍ ግን ክልክል ነው፤ ነጥቡ ከደበዘዘ 50 ይሆናል።

የመጨረሻው ደረጃ የሐኪሙ ማረጋገጫ ፊርማ ነው፤ በሙያው ቋንቋ «ኦተንቲኬሽን» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የሲኤምኤስ ደንብ፣ የግዛቱ ሕግ ጊዜ ካልወሰነ፣ ፊርማው በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያርፍ ያስገድድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ይህ ገደብ ተነሣ፤ ዛሬ ደንቡ ሳይዘገይ እንዲፈረም ይጠይቃል፣ ቀነ ገደቡንም ለሆስፒታሉ መመሪያና ለግዛቱ ሕግ ትቶታል። በእኔ እምነት የ48 ሰዓቱ ይሻል ነበር፤ ቁርጥ ያለ ሰዓት ሲኖር ክርክር አይኖርም። ያም ሆኖ ሕመምተኛው በወጣ በ30 ቀን ውስጥ መዝገቡ መሟላት፣ ቢያንስ ለ5 ዓመትም መቀመጥ ይኖርበታል።

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ በነርስነትና በአረጋውያን እንክብካቤ የተሰማሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ይሉኝታችን ከዚህ ሥራ ጋር አይስማማም። የተቆጣ ሐኪም «ነገርኩሽ አይደል?» ባለ ጊዜ አፍሮ ስልኩን መዝጋት ቀላል ነው። እህቴ፣ ወንድሜ፣ የጻፋችሁትን እስክታነቡለትና እሱም «ትክክል ነው» እስኪል ድረስ ስልኩን አትዝጉ። በሌሊት ቢቆጣ በማግስቱ ይረሳዋል፤ ያላነበባችሁት ትእዛዝ ግን የሚደርሰው አልጋ ላይ የተኛው ሰው ላይ ነው።