በስሜን ተራሮች ላይ ወፍ ሊያዩ የሚሄዱ ባልና ሚስት

ከሶዶ ከተማ የተነሡ አንድ ባልና ሚስት ስንቃቸውን በመኪና ጭነው፥ የዳሞታን ተራራ በስተኋላቸው ትተው፥ የዓባይን በረሃ ተሻግረውና ጎንደርን አልፈው ደባርቅ ገቡ እንበል። «ወዴት ትሄዳላችሁ?» ቢሏቸው «ወፍ ልናይ» ይላሉ። ሰሚው «ለወፍ ሲባል ይህን ያህል አገር ይቋረጣልን?» ብሎ ይስቅ ይሆናል። ነገር ግን ስለ ወፍ ከዚህ የራቀ መንገድ የተጓዙ ሰዎች ነበሩ፤ ከታሪካቸውም የምንማረው አለ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በዘመነ መሳፍንት፥ ደጃዝማች ውቤ ስሜንን ይገዙ በነበረበት ጊዜ፥ ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው በ1831 ወደ ምጽዋ መጣ። በ1832 የትግራይን ደጋ አቋርጦ የስሜንን ተራራ ወጣ፤ ከዚያም ጎንደር ገባ። የአራዊትንና የአዕዋፍን ቆዳ እየሰበሰበ በአገሩ ለሚገኘው ለዘንከንበርግ ሙዚየም አስረከበ። ዋልያን በ1835 በሳይንስ ስም ለዓለም ያስታወቀ እርሱ ነው። ምንቃሩ እጅግ ወፍራም፥ ማጅራቱም ነጭ የሆነውን ቁራ፥ አንገቱ ነጭ የሆነውን ርግብ፥ ከጉሮሮው ሥር ሥጋ የተንጠለጠለበትን ረጅም ምንቃር ያለውን ወፍ፥ ክንፉ ሰማያዊ የሆነውንም ዝይ እንደዚሁ በመጽሐፍ አስመዝግቧል። ዝይው ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ ርግቡና ባለ ረጅም ምንቃሩ ወፍም የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ሀብት ናቸው።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ፥ በ1862፥ አልፍሬድ ብሬም የተባለ ሌላ ጀርመናዊ በተጋባ በዓመቱ ባለቤቱን ማቲልዴን አስከትሎ፥ ከአንድ መስፍን ጓድ ጋር ወደ ቀይ ባሕር አገር መጣ። እርሱም ዛሬ በኤርትራ ውስጥ ወደሚገኘው ወደ መንሳ ተራራ ወጣ። ያየውን በ1863 በመጽሐፍ አሳተመ።

እንግዲህ ልብ በሉ። እነዚህ ሰዎች ከመምጣታቸው በፊት ያ ቁራ በስሜን ገበሬ ደጃፍ ይጮኽ ነበር፤ ያ ርግብም በቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያርፍ ነበር። ገበሬው ያውቃቸዋል። ነገር ግን ያወቀውን አልጻፈውም፤ የጻፈው እንግዳው ነው፤ ስለዚህ የሳይንሱ መዝገብ ስም ሰጪ ብሎ የሚጠራው እንግዳውን ሆነ። «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» እንላለን፤ ጩኸቷን ሰምቶ የሚጽፍላት የአገሯ ልጅ ግን ብዙ ዘመን ሳይኖራት ቀርቷል።

ወደ መንገደኞቻችን እንመለስ። ባልና ሚስቱ ሳንቃ በር ደርሰው በገደሉ አፋፍ ተቀምጠዋል። ከበታቻቸው ጢማሙ አሞራ አጥንት ይዞ ይወጣል፤ ከላይ ወደ ዐለት ይጥለዋል፤ ሲሰበር ወርዶ ይበላዋል። ከጅብራው አጠገብ ጭላዳ ሣር ይነጫል። የዚህ ሥፍራ ጥበቃ ግን ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የዋልያ ቍጥር በማነሱና እርሻና ግጦሽ በመስፋፋቱ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተቈጠረ። በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች የአባቶቻቸውን ቀዬ ለቅቀው በደባርቅ ሰፈሩ፤ በማግሥቱ ዓመት ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ወፉን አይቶ የሚደሰት ሰው ቀዬውን የለቀቀውን ገበሬ ቢረሳ ግማሹን ብቻ አየ ማለት ነው።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ መንገዱ ሰላም ሆኖ ለመጓዝ የበቃህ እንደ ሆነ ከትዳር ጓደኛህ ጋር አንድ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ። ድንጋይ አትወርውሩ፤ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ወፍ ባያችሁ ጊዜ በአቅራቢያ ያለውን እረኛ «ይህችን ምን ትሏታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ የነገራችሁንም ስም ጻፉ። ሩቅ መሄድ ያልቻለም ከዳሞታ ግርጌ ይጀምር። ሩፔል ከባሕር ማዶ መጥቶ የሠራውን ሥራ እኛ በደጃችን ልንሠራው ይገባናል።