የአራዳ ቁልቁለትና የፍሬን ብረት

አራዳ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ደቡብ በሚያዘቀዝቅ ተረተር ላይ የተቆረቆረ ሰፈር በመሆኑ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና ከማዘጋጃ ቤቱ አካባቢ ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር የሚወርድ፣ ወይም በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ወደ አራት ኪሎ የሚሻገር ተሽከርካሪ ሁሉ ከሞተሩ በፊት በፍሬኑ ይፈተናል። የስፖርት መኪና ወዳዶች የሚከራከሩበት ጉዳይ፣ ማለትም ከፋብሪካ የመጣውን ከባድ የፍሬን ዲስክ አውጥቶ በቀላል መተካት የመኪናውን ብቃት ያሻሽላል ወይስ አያሻሽልም የሚለው ጥያቄ፣ በአራዳ ሲነሳ ከውድድር ሜዳው የተለየ መልክ የሚይዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጥያቄው አዲስ ቢመስልም የአራዳ ጎዳና ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ሲመልሰው ኖሯል።

ፍሬን የመኪናን ጉልበት በሰበቃ ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ሙቀቱን መጀመሪያ የሚቀበለውም ከጎማው ጋር አብሮ የሚሽከረከረው ብረት ነው። ይህ ብረት በሁለት ዓይነት ቅርጽ ይሠራል፤ አንደኛው ታምቡር የሚባለው፣ ሸራ የለበሱ ቅስቶች ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፉት ጎድጓዳ ክብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዲስክ፣ ማለትም ሸራዎች ከግራና ከቀኝ ቆንጥጠው የሚይዙት ዝርግ ክብ ብረት ነው። 1,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ፍጥነቱን ሳይጨምር 100 ሜትር ከፍታ ሲወርድ ወደ 980 ኪሎጁል የሚጠጋ ጉልበት መጣል አለበት፤ ይህም መኪናውን በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሰባት ጊዜ ያህል አከታትሎ ከማቆም ጋር እኩል ነው። ሙቀቱ በሙሉ በ20 ኪሎ ግራም ካስት አይረን፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ በፈሰሰ ብረት ላይ ቢያርፍና ንፋስ ባያቀዘቅዘው፣ ብረቱ በነበረበት ሙቀት ላይ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት የሚበልጥ ይጨምራል፤ ብረቱ 10 ኪሎ ግራም ብቻ ከሆነ ጭማሪው እጥፍ ይሆናል። በተግባር ንፋሱ ከፊሉን ይወስዳል፣ በከባድ ማርሽ የተያዘ ሞተርም ያግዛል፤ ይሁን እንጂ የብረቱ ክብደት በቀነሰ ቁጥር ሙቀቱ የሚጠራቀምበት ቦታ እንደሚጠብ ስሌቱ ያሳያል።

አዲስ አበባ የመጀመሪያዎቹን አውቶሞቢሎች ያየችው በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሊ፣ «ሲድሊ» የተባለች መኪና ከጅቡቲ ወገን በረሃውን አቋርጦ ለዳግማዊ ምኒልክ ሲያመጣ፣ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስም በዚያው ወቅት የራሱን ይዞ ገባ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አስመጥቶ ነበርና፣ የከተማው ሕዝብ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው ያ ግዙፍ ብረት ከፈረስና ከበቅሎ ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር ለማየት ዓይንን አስለምዷል። የዚያ ዘመን መኪኖች በአብዛኛው ፍሬን የነበራቸው በኋላ ጎማዎችና ከካምቢዮው በሚወጣው ዘንግ ላይ ብቻ ሲሆን፣ የፊት ጎማዎች ምንም የሚይዛቸው አልነበረም። ይህ አሠራር በሜዳ ላይ ብዙም ባይጎዳ በቁልቁለት ግን ከባድ ጉድለት አለው፤ መኪና ቁልቁል ሲወርድና ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚዞር፣ ፍሬን ያለው የኋላ ጎማ ቀሎ መሬቱን በደንብ ሳይጨብጥ ይቀራልና። ሸራውም ቢሆን ከቆዳና ከጥጥ ክር ከመሳሰሉት የሚሠራ፣ ሲግል የሚያር ነበር፤ እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ አስቤስቶስ የተባለውን እሳት የማይበላውን የማዕድን ክር ለፍሬን ሸራ መጠቀም የጀመረው ገና በ1908 እ.ኤ.አ. ነው።

ሆኖም የዚያ ዘመን አራዳ ፍጥነት የሚፈቅድ ቦታ አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጊዮርጊስ ፊት ለፊት የሚቆመው ሰፊ ገበያ ጭነት በያዙ አህዮችና በቅሎዎች፣ በእህል፣ በጨውና በቆዳ ነጋዴዎች ስለሚሞላ፣ አውቶሞቢል ከእግረኛ ብዙ ሊቀድም አይችልም ነበር፤ ከማንኛውም ፍሬን በላይ መኪናን የገታው ገበያው ራሱ ነበር ማለት ይቻላል። የጅቡቲው ባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስና ከጣቢያው ወደ አራዳ የሚወጣው መንገድ የከተማዋ ዋና የንግድ መስመር ሲሆን፣ መኪናም ቀስ በቀስ ከቤተ መንግሥት ግቢ ወጥቶ የነጋዴው መገልገያ ሆነ።

የጣሊያን ወረራ ይህን መልክ ለወጠው። ገበያው ወደ ምዕራብ ተገፍቶ የዛሬው መርካቶ ሲመሠረት፣ አራዳ ፒያሳ ተብሎ የሱቅ፣ የሲኒማና የቡና ቤት ሰፈር ሆነ፤ የገበያው ጥግግት ከጎዳናው ሲነሳም መኪና መፍጠን የሚችልበት ቦታ አገኘ። በዚሁ ጊዜ አሽከርካሪዎች «ትሬንታ ኳትሮ» የሚሏቸው የፊያት የጭነት መኪኖች በጣርማ በርና በመሳሰሉት ገደላ ገደሎች መመላለስ ጀመሩ፤ የታምቡር ፍሬን ትልቁ ድክመትም በእነርሱ ላይ በግልጽ ታየ። ታምቡር ሲግል ወደ ውጭ ስለሚሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ሙቀቱም በጎድጓዳው ውስጥ ስለሚታፈን ሸራው የመያዝ ኃይሉን ያጣል፤ ነጂውም ፔዳሉን እስከ ወለሉ ቢረግጥ መኪናው እሺ አይለውም። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ በአገር የቀሩት ጣሊያኖች፣ ከእነርሱ በፊት የነበሩት አርመኖችና ግሪኮች፣ ከእነርሱ ጋር የሠሩ ኢትዮጵያውያንም የከተማዋን ጋራዥ ሙያ ሲያቋቁሙ፣ ከፒያሳ ብዙም የማይርቀው ሠራተኛ ሰፈር ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የብረት ባለሙያዎች መኖሪያ ነበር፤ አካባቢው ለብረት ሥራ እንግዳ አልነበረም።

በአራዳ ቁልቁለት ላይ ከሁሉ የሚያስተምረው መኪና ግን ትንሹ ፊያት 600፣ ሕዝቡ ሴይቼንቶ የሚለው ታክሲ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ የወጣው ይህ መኪና በአራቱም ጎማ ተራ ታምቡር ብቻ የነበረው ሲሆን፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ ለብዙ ዓመታት ፒያሳንና ለገሃርን አገናኝቷል። ባዶ ክብደቱ 600 ኪሎ ግራም አይሞላም። የሚጥለው ጉልበት ከሌሎች መኪኖች ያነሰ ስለሆነ፣ ኋላ ቀር የሚባል ፍሬኑ ለቁልቁለቱ በቂ ነበር። ቅለት ለፍሬን የሚጠቅመው በዚህ መንገድ ነው፤ የሚቆመው አካል ሲቀል የሚያቆመው ብረት ፋታ ያገኛል፤ የሚያቆመው ብረት ብቻ ሲቀል ግን ሥራው ሳይቀንስ አቅሙ ይቀንሳል። የቅለት ክርክር ብዙ ጊዜ የሚደናገረው እነዚህን ሁለቱን ባለመለየት ነው።

ዲስክ ፍሬን በዓለም ላይ ከታምቡር ብዙም ያልዘገየ ሐሳብ ነው፤ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬደሪክ ላንቸስተር በ1902 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት አስመዝግቦበታል። ሥራ ላይ ውሎ ዝናው የገነነው ግን ጃጓር ሲ-ታይፕ የዳንሎፕ ዲስክ ለብሳ በ1953 እ.ኤ.አ. የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድርን ስታሸንፍ ነው። ያን ቀን የረዳት የዲስኩ መቅለል አልነበረም፤ ዲስክ በሁለት በኩል ለንፋስ ስለሚጋለጥ ቶሎ ይበርዳል፣ ሲግልም የሚሰፋው ወደ ሸራው እንጂ ከሸራው ርቆ አይደለም፣ በዚህም ነጂዎቿ ከተቀናቃኞቻቸው ዘግይተው መያዝ ችለዋል። አዲስ አበባ ዲስክን በብዛት የተዋወቀችው በሶቪየት ሠራሹ ታክሲ፣ በላዳ ነው። የላዳ እናት የሆነው ፊያት 124 በ1966 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በአራቱም ጎማ ዲስክ ነበረው፤ የሶቪየት መሐንዲሶች ግን የጭቃና የጠጠር መንገድ የኋላውን ሸራ ቶሎ እንደሚበላ ስላዩ፣ የኋላውን ወደ ታምቡር መልሰው የፊቱን ብቻ ዲስክ አደረጉት። ዘመናዊውን ነገር ለመንገዱ ሲሉ መተዋቸው በጊዜው እንደ ኋላ ቀርነት ቢታይም፣ የኢትዮጵያን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይፈርድላቸዋል።

የላዳ የፊት ዲስክ አዲስ ሲሆን 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ውስጡ ያልተቦረቦረ ድፍን ብረት ነው፤ 9 ሚሊ ሜትር ከደረሰ እንዲጣል ፋብሪካው ያዛል። በተግባር ግን መለዋወጫ ውድ በሆነበት ከተማ ዲስክ ሲቦረቦር የሚሄደው ወደ ቶርኖ ቤት ነው። ባለሙያው ዲስኩን ከማሽኑ መንጋጋ ላይ አስሮ ያሽከረክረዋል፣ ስለቱን ከመሃል ወደ ጠርዝ በዝግታ ይስበዋል፤ ግራጫ የብረት ብናኝ ከሥር ይጠራቀማል፣ ሸራው የቆፈረው መስመር ይጠፋል፣ ፊቱም ያበራል። ዲስኩ ከቶርኖ ሲወጣ አዲስ ይመስላል፤ ክብደቱ ግን ቀንሷል። እንግዲህ የአዲስ አበባ ታክሲዎች የስፖርት መኪና ወዳዶች በውድ የሚገዙትን «ቀላል ዲስክ» ለአሥርት ዓመታት በቶርኖ ሲሠሩት ኖረዋል ቢባል ነገሩ ከቀልድ አያልፍም፤ ውጤቱ ግን የታወቀ ነው። የሳሳ ዲስክ ቶሎ ይግላል፣ ሲግልና ሲበርድ ይጣመማል፣ መሪው በፍሬን ጊዜ ይንቀጠቀጣል፣ በተለይም ክረምት ላይ የጋለው ብረት ከጎርፍ ውሃ ጋር ሲገናኝ ሊሰነጠቅ ይችላል።

በሥርዓት ተነድፎ የቀለለ ዲስክ በቶርኖ ከሳሳው የተለየ መሆኑን መካድ ግን ፍትሐዊ አይሆንም። የተለመደው ዘዴ ሸራው የሚነካውን ቀለበት ካስት አይረን አድርጎ፣ ከጎማው እምብርት ጋር የሚታሰረውን መሃለኛውን ክፍል በአሉሚኒየም መተካት ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚቀነሰው ክብደት በአብዛኛው ሙቀት ከማይሸከመው ቦታ ስለሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ፖርሸን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያቀረቡት የካርቦን ሴራሚክ ዲስክ ከብረቱ በግማሽ ያህል የሚቀል ሲሆን፣ የብረቱ ዲስክ በማይችለው ሙቀት ላይ ይሠራል፤ ዋጋው ግን አንድ ተራ መኪና ያስገዛል። በዲስኩ ፊት ላይ ቀዳዳ መብሳት ግን ከጥቅሙ ጌጡ ይበልጣል፤ የቀዳዳው ዓላማ የድሮ ሸራዎች ሲግሉ የሚያወጡትን ጋዝ ማስተንፈስ ነበር፣ የዛሬ ሸራ ያን ያህል ጋዝ አያወጣም፣ ስንጥቅም ከቀዳዳው ጠርዝ ይጀምራል።

ጥቅሙም ቢሆን ብዙ ጊዜ ይጋነናል። የሚሽከረከር ክብደት መኪና ሲፈጥን ከቆመ ክብደት ይልቅ እንደሚከብድ እውነት ነው፤ ይሁንና ይህ የሚወሰነው ክብደቱ ከመሃል ባለው ርቀት ነው፣ ዲስክ ደግሞ ከጎማና ከቸርኬ ይልቅ ለመሃል ቅርብ ነው። ከአራቱ ጎማዎች ዲስኮች ከእያንዳንዳቸው 2 ኪሎ ግራም፣ በድምሩ 8 ኪሎ ግራም ቢቀነስ፣ ለፍጥነት ጭማሪ የሚሰጠው ጥቅም 9 ኪሎ ግራም ጭነት ከመኪናው ከማውረድ ብዙም አይበልጥም፤ 1,200 ኪሎ ግራም ለሚመዝን መኪና ይህ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። የተሻለው ጥቅም ሌላ ቦታ ነው፤ ከባሌስትራው ወይም ከሞላው በታች ያለው ክብደት ሲቀንስ ጎማው ጎርባጣ መንገድ ላይ ሳይነጥር መሬቱን ይከተላል፣ ይህም የተቦረቦረ አስፋልትና የድንጋይ ንጣፍ ባለበት ከተማ ዋጋ አለው። ነገር ግን ይህንኑ ቀለል ያለ ቸርኬና ጎማ በመግጠም የፍሬኑን ሙቀት የመሸከም አቅም ሳይነኩ ማግኘት ይቻላል።

በዚህ ሁሉ ላይ የአዲስ አበባ ከፍታ ይጨመራል። በ2,400 ሜትር አካባቢ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለል በአምስተኛ ያህል ስለሚያንስ፣ ዲስኩን የሚያቀዘቅዘው ንፋስ በዚያው መጠን ደካማ ነው። የአየር ግፊቱም በሩብ ያህል ስለሚቀንስ፣ የቤንዚን ሞተር በሚፈጥረው ባዶ ግፊት እግርን የሚያግዘው ሰርቮ የሚባለው ክፍል ኃይሉ ይቀንሳል፤ ነጂው ፔዳሉን ጠንከር አድርጎ መርገጥ ይኖርበታል። በአውሮፓ ሜዳ ተሞክሮ የተመሰገነ ቀላል ዲስክ ፒያሳ ላይ ያንኑ ውጤት እንዲሰጥ መጠበቅ የማይገባው ለዚህ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው ያሉ የፒያሳ መንደሮች በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ በዚያው ዓመት መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ ጎዳናውንም የኤሌክትሪክ መኪኖች እየሞሉት መጡ። ከእነርሱ መካከል በብዛት የሚታየው ፎልክስቫገን አይዲ 4 በባትሪው ምክንያት 2,000 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከሴይቼንቶ ጋር ሲነጻጸር ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። 100 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከግማሽ ኪሎዋት ሰዓት በላይ ቢሆንም፣ ሞተሩ በቁልቁለት ጊዜ ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫነት ተለውጦ አብዛኛውን ወደ ባትሪው ስለሚመልሰው ለፍሬኑ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ባትሪው ሞልቶ ከመነሻ የወጣ መኪና ግን የሚመልስበት ቦታ ስለሌለው፣ ሸክሙ ሁሉ ወደ ፍሬኑ ብረት ይመለሳል። በሌላ በኩል፣ ብዙም የማይነካ ዲስክ በዝናብ ዝገት ስለሚይዘው፣ አምራቹ ለዚህ መኪና የኋላ ጎማዎች የመረጠው የሴይቼንቶን ዓይነት ዝግ ታምቡር ነው።