ፊደሉ የተለወጠበት አባት

የቤት ሥራ የሚባለው ነገር ለአባቶቻችን እንግዳ ነበረ። በቀድሞው የቤተ ክህነት ትምህርት ልጅ ቀን ከመምህሩ ዘንድ ዳዊቱን ሲያነብ ይውላል፤ ማታ ደግሞ በጨለማ ጸሎቱን በቃሉ ያጠናል። ይኸውም የቃል ትምህርት ይባላል። ስሕተቱን የሚያቀናለት መምህሩ ወይም ከርሱ የበሰለ ተማሪ ነበረ እንጂ ወላጅ አልነበረም። ወላጅ ስንቅ ካቀበለ ድርሻውን ተወጣ። ዘመናዊው ትምህርት ቤት በመጣ ጊዜ ግን ደብተሩ ከልጁ ጋራ ወደ ቤት ገባ፤ የወላጅም እፍረት አብሮ ገባ።

ወጣቱ አንባቢ ሆይ፥ ይህ እፍረት ከስንፍና የመጣ ይመስልህ ይሆናል። እኔ ግን አይደለም እላለሁ፤ ምስክሬም ቡሹሎ ነው።

ቡሹሎ ዛሬ በሐዋሳ ከተማ ውስጥ የሚገኝ፥ የሲዳማ ገበሬ እንሰት ተክሎ የኖረበት አገር ነው። በ1956 ዓ.ም. የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ እንዲሆን ሲደረግ፥ የዚያ አገር ልጅ ትምህርት ቤት ቢገባ የሚማረው ከእናቱ ባልሰማው ቋንቋ ነበረ። ኋላ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ትምህርቱ መጀመሪያ በ5፥ እየቆየም በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ ከነዚህም አንዱ ሲዳምኛ ነበረ። ዘመቻው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ቀን ሲቆፍር የዋለው ጎልማሳ ማታ ከመብራት ሥር ተቀምጦ፥ የራሱን ቋንቋ በግዕዝ ፊደል ማንበብ ቻለ። እንዴት ያለ ደስታ እንደ ነበረ ያየ ያውቀዋል።

በ1986 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲማር ሆነ፤ ይህን እኔም ከልቤ እደግፋለሁ። ነገር ግን ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ይጻፍ ጀመር። ምክንያት አልታጣለትም፤ በሲዳምኛ የድምፅ መርዘምና ማጠር፥ መጥበቅና መላላት የቃሉን ትርጉም ይለውጣል፤ ላቲኑም ይህን ፊደል በመድገም ያሳያል፥ የግዕዙ አያሳይም። ሆኖም ያ በዘመቻው አንባቢ የሆነ አባት በገዛ ቋንቋው እንደ ገና መሃይም ሆነ።

እንግሊዝኛ የቀመሰ ታላቅ ወንድም ቢኖርም ችግሩ አይፈታም። በሲዳምኛ ጽሕፈት ኤክስ የተባለችው ፊደል «ጠ»፥ ሲ የተባለችው «ጨ» ሆነው ይነበባሉ፤ በእንግሊዝኛ እንደ ለመደው የሚያነብ ሰው ታናሹን ያሳስተዋል።

ፖሊሲው በወጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ በአንድ የቡሹሎ ቤት እንግዳ ነበርሁ። ልጁ የንባብ መልመጃ ይዞ መጥቶ፥ «አባባ፥ አንተ አታውቀውም» አለ፤ ክፋት አልነበረበትም፥ ቢሆንም አባትየው አንገቱን ደፋ። ጥቂት ቆይቶ፥ «እንግዲያስ አንተ አንብብ፥ እኔ እሰማለሁ» አለው። ልጁ ማንበብ ጀመረ። ከአንድ ቃል ላይ ሲደርስ አባት እጁን አነሣ፤ «እንዲህ የሚባል ነገር የለም፤ ድምፁን ሳብ አድርገው» አለ። ልጁ ወደ ገጹ ጎንበስ ቢል ፊደሉ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ እርሱ አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦት ኖሯል። አባት አንዲት ፊደል ሳያውቅ ስሕተቱን በጆሮው ያዘ። ከዚያ ወዲያ ልጁ መጽሐፉን ወደ አባቱ ጠጋ አድርጎ ያነብ ጀመር።

ይህ የጆሮ እርዳታ የቆየው ግን 4 ዓመት ብቻ ነው። በዚያ ዘመን በደቡብ ክልል ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበርና፥ ሒሳቡም ሳይንሱም ባንድ ጊዜ ቋንቋ ለወጡ። ልጁ ማታ ማታ ደብተሩን ይዞ ከፍ ያለ ክፍል ወደሚማር የጎረቤት ልጅ መሄድ ጀመረ፤ አባትየውም ፋኖስ ይዞ ይሸኘው ነበር።