በውሃ የታጠሩ የመካከለኛው ዘመን መኖሪያዎች

በእንግሊዝ አገር ገጠር የሚዘዋወር ሰው፥ በእርሻው መካከል ግቢን ከብቦ የተቆፈረ፥ አንዳንዱ ውሃ የያዘ፥ አንዳንዱም ደርቆ ሣር የለበሰ ቦይ ያገኛል። በቦዩ የተከበበው መሬት ዛሬ ባዶ ቢመስልም፥ ቀድሞ የባለርስት ቤት፥ ወጥ ቤትና ጎተራ የቆሙበት ነበረ። እንዲህ ያለው ስፍራ በዚያች አገር 6,000 ያህል መሆኑ ታውቋል። የሚበዛውም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1250 እስከ 1350 ዓ.ም. ባለው ዘመን ተቆፈረ። በሄርፎርድሺር አውራጃ የሚገኘው የብሮክሃምፕተን ቤት ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፥ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል።

ቦዩን ያየ ሁሉ የጦር ምሽግ ነው ሳይል አይቀርም። ነገር ግን አብዛኞቹ ሌባንና አውሬን ያግዱ እንደ ሆነ እንጂ የጦር ሠራዊትን ከበባ የሚመክቱ አልነበሩም። ዋናው ምክንያት ክብር ነው። የታላላቆቹ መሳፍንት ግንብ በውሃ የተከበበ ስለ ነበረ፥ ግንብ ለማሠራት አቅም ያነሰው ባለርስት ቦይ አስቆፍሮ በድልድይ መግባትን የማዕረጉ ምልክት አደረገው። ከዚህም በላይ ቦዩ ረግረጉን ያጠነፍፍ፥ ዓሣም ይረባበት ነበር።

ለታሪክ መርማሪ ግን ትልቁ ሀብት ጭቃው ነው። በመዝገብ ቤት የሚሠሩ ሁሉ እንደሚያውቁት፥ መዝገብ የሚያቆየው የተጻፈውን ብቻ ነው። የዚያ ዘመን ጽሑፍ ስለ ግብርና ስለ ርስት ክርክር ብዙ ይናገራል፤ ስለ ሎሌው ጫማና ስለ ዕለት ምግብ ግን እምብዛም አያወሳም። አየር በማይገባበት እርጥብ ጭቃ ውስጥ እንጨት፥ ቆዳ፥ የእህል ዘርና የአበባ ብናኝ ሳይበሰብሱ ለብዙ መቶ ዓመታት ይቆያሉ። ከእነዚህም ቤተ ሰቡ የተመገበውና በአካባቢው የበቀለው ይታወቃል። የድልድዩ ግንድ እስከ ልጡ ድረስ ከተገኘ፥ በውስጡ ያሉት ዓመታዊ ቀለበቶች ተመርምረው ዛፉ የተቆረጠበት ዓመት ሊታወቅ ይችላል።

ይህን መዝገብ የሚያጠፋው ድርቀት ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት ብዙ ቦዮች ለእርሻ ሲባል ተደለደሉ። በ1979 የወጣው ሕግ በጥበቃ መዝገብ የገቡትን ስፍራዎች ያለ ፈቃድ መንካትን ይከለክላል፤ ይሁን እንጂ ሁሉም አልተመዘገቡም፤ የጎረቤት እርሻ ሲጠነፈፍም ቦዩ አብሮ ሊደርቅ ይችላል። ውሃው ከሸሸ በኋላ አየር ይገባል፤ ሰባት መቶ ዓመት የቆየውም በጥቂት ዓመታት ይበሰብሳል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ተራ ጉድጓድ የሚመስለውን ከመድፈን አስቀድሞ፥ በውስጡ ምን እንደ ተቀመጠ መጠየቅ ይገባል። የተደፈነ ቦይ እንደገና ይቆፈራል፤ የበሰበሰ ማስረጃ ግን አይመለስም።