አሮጌ ጠጅ በአዲስ አቁማዳ

አዲስ ኮምፒዩተር ላይ የሃያና የሠላሳ ዓመት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለመጫን ሌሊቱን ሙሉ የሚታገል ሰው ያየ ሁሉ «ምን ነክቶት ነው?» ይላል። እኛም ብለናል። አዲሱ እያለ፣ ፈጣኑ እያለ፣ አሮጌውን ከመቃብር መጎተት የሞኝ ሥራ ይመስላል። ታሪኩን ስናገላብጥ ግን ያገኘነው ሌላ ነው፤ ይኸውም ይህ ጣጣ ከኮምፒዩተር ንግድ ጋር የሚቀራረብ ዕድሜ ያለው፣ ትልልቅ ኩባንያዎችን ያስጨነቀ ጉዳይ መሆኑን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1959 አይ.ቢ.ኤም. 1401 የተባለውን ኮምፒዩተር ለገበያ አቀረበ። በሺሕ የሚቆጠሩ ባንኮች፣ ፋብሪካዎችና መሥሪያ ቤቶች ደመወዛቸውንና ሒሳባቸውን የሚያሠሩበትን ፕሮግራም ለዚሁ መኪና አስጻፉ። በአፕሪል 1964 ኩባንያው ሲስተም 360 የተባለውን አዲስ ቤተሰብ ይፋ ሲያደርግ ግን የአዲሱ መኪና ቋንቋ ከ1401 ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። ታዲያ ደንበኛው ምን ያድርግ? የዓመታት ድካሙን ጥሎ እንደገና ሀ ብሎ ይጀምር? ተቀናቃኙ ሐኒዌል ይህን ጭንቅ ቀድሞ አሽትቶት ነበር። በዲሴምበር 1963 ሐኒዌል 200ን ሲያወጣ የ1401ን ፕሮግራም ወደ ራሱ መኪና የሚመልስ መሣሪያ አብሮ አቀረበ፤ ስሙንም «ነጻ አውጪ» አለው። ነጋዴ ነጻ አውጪ ነኝ ሲል መስማት ትንሽ ያስቃል፤ ግን ገበያው ስሙን ሰማ፣ አይ.ቢ.ኤም.ም ደነገጠ።

አይ.ቢ.ኤም. የሰጠው መልስ ብልህ ነበር። የሲስተም 360 ሞዴል 30 እያንዳንዱን ትእዛዝ የሚፈጽመው በውስጡ በተቀመጠ፣ ማይክሮኮድ በሚሉት ረቂቅ ፕሮግራም አማካይነት ነው። ስለሆነም የ1401ን ትእዛዞች የሚያውቅ ሌላ ማይክሮኮድ ቢጨመርበት፣ ያው መኪና አንድ ጊዜ ራሱን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አሮጌውን ይሆናል ማለት ነው። መሐንዲሶቹ ይህን አሠራር «ኢሙሌሽን» አሉት፤ ቃሉ ዛሬም ይሠራበታል። አሮጌው ፕሮግራም በእንግድነት ቤቱ ከቀድሞ ቤቱ ይበልጥ ፈጥኖ ይሮጥ ነበር። አንዳንዱ ደንበኛም ነገሩ ስለተመቸው አዲስ መኪና ገዝቶ ለዓመታት የአሮጌውን ሥራ ሲያሠራበት ኖረ። በ1972 የወጣው ቪ.ኤም./370 ደግሞ አንዱን መኪና ብዙ መኪና አስመስሎ ለየተጠቃሚው ያድል ጀመር፤ በእያንዳንዱም ውስጥ የተለያየ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይገባል። ዛሬ በላፕቶፓችን ላይ «ቨርቹዋል ማሽን» የምንለው የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

ወደ ትንንሾቹ እንምጣ። ዶስ በ1981 የወጣበት የኢንቴል 8088 ፕሮሰሰር ከ1 ሜጋባይት በላይ ሜሞሪ አያይም። በ1985 የመጣው 80386 ያ አጥር ባይኖርበትም፣ አሮጌውን 8086 መስሎ የሚሠራበትን ስልት በሆዱ ይዞ ነው የመጣው። በ2003 ኤ.ኤም.ዲ. ያመጣው የ64 ቢት አሠራር ግን ያን ስልት ተወው፤ የዛሬው ዊንዶውስ የዶስ ፕሮግራም ሲሰጡት «አላውቀውም» የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው። ይሁንና ላፕቶፕ ውስጥ ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር ዛሬም ሲበራ ለቅጽበት እንደ ጥንቱ 8086 ሆኖ ነው የሚነሣው። ኢንቴል ይህን ለማስቀረት በ2023 ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ በ2024 መጨረሻ ላይ ሐሳቡን ተወው።

ከሁሉ የገረመን ግን የፓስካል ነገር ነው። በቦርላንድ ቱርቦ ፓስካል 7 የተሠሩ ብዙ ፕሮግራሞች ሲነሡ አስቀድመው የመኪናውን ፍጥነት ይለካሉ። ሰዓቱ አንዴ እስኪመታ፣ ማለትም በ55 ሚሊሰከንድ ውስጥ፣ ስንት ባዶ ዙር መዞር እንደሚቻል ይቆጥሩና ቁጥሩን ለ55 ያካፍላሉ። ውጤቱ የሚሰፈርበት ቁና ከ65,535 በላይ አይዝም። በጊዜው ይህ ይሞላል ብሎ ማን ይጠረጥራል? በ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ 200 ሜጋኸርዝ ገደማና ከዚያ በላይ የሚሮጡ ፕሮሰሰሮች ሲመጡ ግን ቁናው ሞልቶ ፈሰሰ። ፕሮግራሙም «ስሕተት 200፣ በዜሮ ማካፈል» ብሎ ገና ከበሩ ይወድቃል። ኧረ በዜሮ ያካፈለ ማንም የለም! መኪናው ፈጠነ እንጂ። በረኀብ ሳይሆን በጥጋብ መሞት ማለት ይኸው ነው። ዊንዶውስ 95ም በጣም በፈጠነ ፕሮሰሰር ላይ ሳይታረም አይነሣም፤ ምክንያቱ የዚሁ ዘመድ ነው። መድኀኒቱ ደግሞ ይባስ ያስቃል፦ በ2002 የወጣው ዶስቦክስ ፈጣኑን መኪና ሆን ብሎ ለአሮጌው ፕሮግራም ሲል ያዘገየዋል።

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ያለው ከደጃችን ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደሉን በየራሳቸው ቁጥር ነበር የሚያስቀምጡት፤ አንዱ «ሀ» ያለውን ቁጥር ሌላው «መ» ይለዋል። በአንድ ባይት 256 ቁጥር ብቻ ይገኛል፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ከነዘሩ ከ200 ይበልጣል። በዚህ ምክንያት አንዳንዱ በሁለት ፎንት ይከፍለዋል፣ አንዳንዱ አካሉንና ምልክቱን ለያይቶ ይቀጣጥለዋል። በእነዚያ ዓመታት የተጻፈ ቃለ ጉባኤ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ያለ ቀድሞ ፕሮግራሙ ሲከፈት የፈረንጅ ፊደል ጥርቅም ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ በተራው አሮጌውን ሲስተም ይፈልጋል።

ባለፈው ክረምት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አራት ፍሎፒ ዲስክ በፖስታ ጠቅልለው ሰጡን። በ1996 በየገጠሩ ዞረው የሰበሰቧቸው የለቅሶ ግጥሞች ናቸው። «ልጆቼ፣ ያለቀሱት ሴቶች ዛሬ የሉም፤ ወረቀቱንም ምስጥ በልቶታል፤ ያለው ይኸው ነው» አሉን። ደግነቱ መጻፊያ ፕሮግራሙ በአንደኛው ዲስክ ላይ ነበረ። አሮጌውን ሲስተም በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ለማስነሣት ሁለት ቀን ፈጀብን። በሦስተኛው ሌሊት መስኮቱ ተከፈተና የመጀመሪያው ግጥም በፊደላችን ወጣ፤ ሁላችንም ዝም አልን። አሮጌው ሲስተም የዛሬን ማተሚያ ስለማያውቅ ከስክሪኑ ላይ አንዱ እያነበበ ሌላው እየጻፈ፣ እየተቀባበልን ሦስቱን ዲስክ በሁለት ሳምንት ጨረስነው።

አራተኛው ግን ማንበቢያው ውስጥ ሲገባ ይንቋቋል እንጂ አይነበብም። በላዩ የነበረው መግነጢስ ጠፍቷል። ሄደን ስንነግራቸው መምህሩ ለጊዜው አልመለሱልንም። ቆይተው፣ በዚያ ዲስክ ላይ የነበሩት የየትኛው ወረዳ ግጥሞች እንደ ነበሩ ለማስታወስ ይሞክሩ ጀመር።